የማዶ ሰዎች ወንበር

በአገሬ ቆሞ የተነገረ ነገር አይጻፍም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከሌላ አገር የመጣ አንባቢ በኋላ እንዳይቸገር ብዬ ነው። ማንም ሰው በፈለገው ቦታ ቆሞ መናገር ይችላል፤ የሚከለክለው የለም። ሹሞቻችን ጨዋዎች ስለሆኑ የቆመን ተናጋሪ አያቋርጡም። አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ፤ አንዳንዴም ያዝናሉ። ጸሐፊው ብዕሩን የሚያነሳው ግን ተናጋሪው በገዛ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ በሕግ ፊት እንዳልተባለ ይቆጠራል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የቆመ ሰው ይቸኩላል፣ የቸኮለ ሰው ይሳሳታል፣ ስሕተት ደግሞ መጻፍ የለበትም ብለው ነው ይባላል። ሳስበው ክፉ ምክንያት አይመስለኝም።

ሕጉ የሚያውቀው ወንበር አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ሰው በኮሌጅ የተማረበትንና ሲመረቅ ይዞት የሚወጣውን። በከተማ ዳኛውም፣ ሐኪሙም፣ ትልልቁ ነጋዴም የተማረበትን ወንበር አሽከር አሸክሞ ነው የሚዞረው። በጠባብ መንገድ ሁለት የተማሩ ሰዎች ሲገናኙ ወንበሮቻቸው እስኪተላለፉ ድረስ ሌላው መንገደኛ ይቆማል። ለምደነዋል።

እኛ የማዶ ሰዎች ወንበር አልነበረንም። ቤታችን ውስጥ መደብ፣ ደጃፋችን ላይ ድንጋይ አለ፤ ሕጉ ግን መደብንም ድንጋይንም አያውቅም። ማዶ የተባልነው ከወንዙ ማዶ ስለምንኖር ነው። የአያቶቻችን አባቶች የኖሩት በዚህኛው ወገን፣ ዛሬ ከተማው ባለበት ሜዳ ላይ ነበር። አንድ ቀን «ለጊዜው» ተብለው ተሻገሩ። ጊዜው እስካሁን አላለቀም።

በየዓመቱ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ የቅየሳ ሹሙ ከጸሐፊው ጋር ወደ እኛ ይመጣል። የወሰኑን ድንጋይ ያያል፣ ሜትሩን ይዘረጋል፣ ከዚያም ለአሠራር እንዲመች ብሎ ድንጋዩን ትንሽ ወደ እኛ ያስጠጋዋል። ድንጋዩ ከመነሳቱ በፊት መንደርተኛው እንዲናገር ይጋበዛል። የሚናገሩልን አያ ሽበሺ ናቸው። አያ ሽበሺ የመንደሩ ታላቅ ሰው ናቸው፤ ቆመው በደንብ ይናገራሉ። ሹሙ ያዳምጣቸዋል። አንድ ዓመት ሲናገሩ ዝናብ ቢጥልባቸው ሹሙ የራሱን ጃንጥላ ሰጥቷቸዋል። ጸሐፊው ግን ብዕሩን አልከፈተም። ሊከፍትም አይችልም ነበር።

አሁን ወደ ኮሌጁ ልምጣ። ኮሌጁ የተሠራው የአያቶቻችን አባቶች ያርሱት በነበረው መሬት ላይ ነው። አንድ የምሥረታ በዓል ሲቃረብ የንጹሕ ኅሊና ማኅበር አባላት ይህ ነገር ትዝ አላቸውና እንቅልፍ አጡ። ማኅበሩ የከተማው ደጋግ ሰዎች የተሰባሰቡበት ነው። ተሰብስበው ለማዶ ሰዎች ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲሰጥ ወሰኑ። በአገራችን የትምህርት ዕድል የሚሰጠው በወንበር ስለሆነ ስንት ወንበር ይሁን የሚለው ብዙ አከራከራቸው። በመጨረሻ አንድ እንዲሆን ተስማሙ። ሁለት ቢሰጡ ጥፋቱ ትልቅ ነበር ያሰኛል ብለው ነው።

ወንበሩ ሲሰጠን ሁላችንም ተጠርተን ሄድን። መደገፊያው ላይ «ለማዶ ሰዎች» የሚል ተቀርጾበታል። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ረጅም ጓንት ያደረጉ እመቤት፣ ንግግር ሲያደርጉ አለቀሱ፤ እኛም ስላለቀሱ አዘንን። የወንበሩ አንድ እግር ከሌሎቹ ያጥር ነበር። በዚህ የማንም ክፋት ያለበት አይመስለኝም። አናጢም ሰው ነው።

ማታውኑ መንደሩ በታንኳው መጠለያ ተሰበሰበ። ስለ ታንኳው መናገር ይኖርብኛል። መንደራችን አንድ ታንኳ ብቻ አለው፤ የሁሉም ነው፣ ስለዚህ ለየቤቱ ቀን ተከፍሏል። ባለ ቀኑ በቀኑ ያዝዝበታል፤ አያ ሽበሺ ራሳቸው እንኳን የሌላውን ቀን አይወስዱም። ታንኳውን የሚያስለቅቅ ነገር አንድ ብቻ ነው። የታመመ ሰው መሻገር ካለበት ባለ ቀኑ ቀኑን ይሰጣል። የሚሰጠውም ሳይለመን ነው። መለመን ነውር ነው፤ ለለማኙ ሳይሆን ለተለመነው።

«አንድ ነገር ለሁላችን ተሰጠ» አሉ አያ ሽበሺ። «አንድ ነገር ለሁላችን ሲሰጥ ምን እናደርጋለን?»

«ተራ እንገባለን» አልን።

«ትምህርት ቤቱ ስንት ቀን ይከፈታል?»

«አምስት።»

«እንግዲህ አምስት ሰው።»

ገበየሁ የሚባል ወፍራምና ወሬ የሚወድ ጓደኛዬ እጁን አወጣ። «አያ፣ እነሱ እኮ አንድ ሰው ነው የፈለጉት ይሆናል።»

«አንድ ሰው ነው የሚሄደው» አሉ አያ ሽበሺ። «በቀን አንድ። ብቻ ሁለት ሆናችሁ እንዳትቀመጡበት፤ አንድ እግሩ ደካማ ነው።»

በዚህ ዓይነት ሰኞ ለገበየሁ ደረሰው። ማክሰኞ ለአልጣሽ ሆነ፤ ዝምተኛ ልጅ ናት፣ ዓይኗ ያረፈበትን ነገር ሁሉ በስንዝር የምትለካ። ረቡዕ ለእኔ ለአንለይ፣ ሐሙስ የአራት ልጆች እናት ለሆነችው ለእትዬ ብርቄ፣ ዓርብ ደግሞ ሐኪም መሆን ለሚፈልገው ለደጀኔ ተሰጠ። ደጀኔ ስንዱ የምትባል ታናሽ እህት አለችው። እሱ ተምሮ ሲጨርስ ዓርብ የእሷ እንዲሆን ያን ቀን ማታውኑ ተስማማን። ስንዱ ገና ከአሁኑ ዓርብ ዓርብ ጸጉሯን ትሠራ ጀመር።

አልጣሽ በመጀመሪያው ማክሰኞ ከምንጩ አንድ ጠፍጣፋ ጠጠር ይዛ ሄዳ በአጭሩ እግር ሥር አደረገችው። ወንበሩ መወዛወዙን ተወ። ጠጠሩ አራቱንም ዓመት ከዚያ አልተነሳም።

በኮሌጁ ጠዋት ጠዋት ስም የሚጠራው የወንበር አዛዡ ነው። መነጽር ያደርጋል፣ ሥራውን ያከብራል። የሌላውን ተማሪ ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ እኛ ጋ ሲደርስ በወንበሩ ላይ እንደተጻፈው «ማዶ!» ይላል።

«አቤት!»

ሰኞ የገበየሁ ወፍራም ድምፅ፣ ማክሰኞ የአልጣሽ ቀጭን ድምፅ «አቤት» ይላል፤ አዛዡ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቀና ብሎ ቢያየን ኖሮ የሚያየው ያው «ማዶ» ነበር። አንዴ የሒሳቡ መምህር ስለ እኛ የሰጠው አስተያየት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ማዶ ማክሰኞ ማክሰኞ ብሩህ፣ ሰኞ ሰኞ ወሬኛ፣ ሐሙስ ሐሙስ እንቅልፋም ነው። አየሩ ሳይስማማው አይቀርም።» እትዬ ብርቄ ይህን ስትሰማ ተናደደች። «አራት ልጅ አጥቦ አብልቶ ሄዶ ይሞክራታ!» አለች።

ነገሩን ያስተዋለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከጎናችን የሚቀመጠው የነጋዴ ልጅ። አንድ ረቡዕ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ስማ፣ ትናንት ሴት አልነበርክም?» አለኝ።

«ነበርኩ» አልኩት።

«ነገስ?»

«ነገ የአራት ልጆች እናት ነኝ።»

ትንሽ አሰበ። «እሺ፤ ለትናንቷ ንገራት፣ የሒሳቡን መልስ ሳትጨርስልኝ ነው የሄደችው።»

ነገርኳት። ከዚያ በኋላ አላነሳውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አምስታችን በታንኳው መጠለያ እየተገናኘን የየቀናችንን እንማማር ነበር። ያለዚያ ማናችንም ሙሉ አንሆንም። ታሪክ የሚሰጠው ሰኞና ሐሙስ ስለሆነ ገበየሁ ሰኞ ጦርነት ይጀምርና ማን እንዳሸነፈ የምናውቀው ከእትዬ ብርቄ ነው፤ እሷ ደግሞ አንዳንዴ ስለምታንቀላፋ እስካሁን ያላለቁ ጦርነቶች አሉን። ረቡዕ የድርሰት ቀን ነበር። ይህን መጻፍ በእኔ ላይ የወደቀውም ለዚህ ነው። የሁላችንንም ቀን አሟልታ የያዘችው አልጣሽ ብቻ ነበረች። በታንኳው ገመድ መንደሩን ሁሉ ለካች። ሰዎች ከብቶቻቸውን ሲያሰማሩ እሷ ገመድ ይዛ ከበስተኋላቸው ትታያለች።

በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ገመዱን መሬት ላይ ዘረጋችው። አያ ሽበሺም ነበሩ።

«ድንጋዩ ያለው እዚህ ነው» አለች። «በየዓመቱ የሚመጣው ይህን ያህል ነው። ምንጩ ደግሞ ይሄውና። በዚህ ዓመት ያልፈዋል።»

የወንዙ ውሃ ልጆቻችንን እንደሚያሳምም ሁላችንም እናውቃለን። የምንጠጣው ከምንጩ ነው፤ ሌላ የለንም።

«ግን ይሄ ድንጋይ ምን ሆኖ ነው ሁልጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው?» አለች እትዬ ብርቄ።

«ይወደናል» አለ ገበየሁ። የሳቀ የለም። እሱም አልሳቀም።

«ልኬቱ ስሕተት እንደሆነ ማሳየት እችላለሁ» አለች አልጣሽ። «ግን ቆሜ ነው የማሳየው።»

ነገሩ ቀላል መሰለን። ከአምስታችን አንዱ የመመረቂያ ፈተና ይውሰድ፣ ወንበሩን ይዞ ይምጣ፣ ተቀምጦ ይናገር። ደንቡን ለማጣራት በቀጣዩ ረቡዕ ወደ ወንበር አዛዡ ቢሮ ገባሁ።

«ቆመህ ስለምትጠይቀኝ መልሴም አይጻፍም» አለኝ በትሕትና። «ግን እነግርሃለሁ። ማዶ ከተመረቀ ወንበሩን ይዞ ይወጣል። ወንበሩ ሲወጣ ቦታው ይዘጋል። ቦታ የሚቆጠረው በወንበር ነው።»

«ማኅበሩ ሌላ ወንበር አይጨምርም?»

«ለምን? ማዶ ተመረቀ ማለት እኮ ማዶ ተማረ ማለት ነው።»

«ሌሎቹስ?»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «የትኞቹ ሌሎች?»

ከልቡ ነው የጠየቀኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ቅዳሜ ይህን ስናገር መጀመሪያ የተነሳው ደጀኔ ነው።

«ስለዚህ አንድ ሰው ይመረቅና በሩ ይዘጋል?»

«ይዘጋል» አልኩት።

«እኔ አራት ዓመት ዓርብ ዓርብ የሰውን አጥንት የቆጠርኩት ለምንድነው ታዲያ? ሁለት ዓመት ብትታገሱኝ እኮ ሐኪም እሆናለሁ። ልጆቹን የሚያክም ሰው ይኖረናል።»

«ሁለት ዓመት ጠብቀን፣ የወንዝ ውሃ እያጠጣናቸው፣ ከዚያ አንተ ታክማቸዋለህ?» አለች እትዬ ብርቄ። «የኔ ልጆች ጅቡቲ ሄደው ውሃ ይጠጡ?»

«የት ነው ደግሞ እሱ?» አለ ገበየሁ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሐሙስ ዕለት ካርታ ላይ ነበር!»

«ስንዱስ?» አለ ደጀኔ። «ለስንዱ ምን ልበላት? ቀንሽን ሸጥነው ልበላት?»

«አልሸጥነውም...» ብላ አልጣሽ ጀመረችና አቆመች። ቀጥላ አንድ ቃል እንኳን ብትናገር ልመና እንደሚሆን ገብቷታል።

ነገሩን ያከበደው የፈተናው ቀን ነበር። የመመረቂያው ፈተና ዓርብ ላይ ዋለ። ዓርብ የደጀኔ ነው። በወንበሩ ላይ ተቀምጦ መፈተን፣ መውደቅም ማለፍም የእሱ መብት ነበር። በሰው አካል ትምህርት ጎበዝ ይሁን እንጂ ፈተናው ላይ በሚመጣው በቅየሳ ደካማ እንደሆነ እሱም እኛም እናውቃለን። ደግሞም ፈጽሞ ላለመፈተን መብት አለው። ያን ቢያደርግ ወንበሩ እዚያው ይቆያል፤ ዓርብም ለስንዱ ይተርፋል።

«የታመመ ሰው አሳዩኝና ቀኔን ልስጥ» አለ ደጀኔ፣ ወደ አያ ሽበሺ ዞሮ። «ሕጉ እሱ አይደለም? የታመመ የታለ?»

አያ ሽበሺ የታንኳውን ገመድ ቀስ ብለው ጠቀለሉ።

«ቀኑ ያንተ ነው» አሉት በመጨረሻ። «ማንም አይወስድብህም።»

ሌላ አልጨመሩም። ደጀኔ ወጥቶ ሄደ። በዚያ ሳምንት አንድም ሰው ስለ ዓርብ አላነሳበትም። ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት ስለ ከብቶች ያወሩት ነበር፤ ከብት የሌለው ሰው ነው።

ዓርብ ጠዋት አራታችንም ወደ መሻገሪያው ወረድን። ማንም አልጠራንም፤ ቤት መቀመጥ ስላልቻልን ነው። ደጀኔ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ታንኳው ውስጥ ተቀምጧል። ስንዱ ከበስተኋላው ቆማለች።

«ልትፈተን ነው?» አለው ገበየሁ።

«ሸሚዝ ስለለበስኩ ነው?»

ደጀኔ ወደ አልጣሽ አየ።

«ግቢ» አላት።

«ደጀኔ...»

«ዛሬ ዓርብ ነው። ዓርብ የኔ ነው። የራሴን ቀን ለፈለግሁት እሰጣለሁ። ደግሞ አታመስግኚኝ፤ ካመሰገንሽኝ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ መቅዘፍ አልችልም፣ ካልቀዘፍኩ ትዘገያለሽ።»

አልጣሽ ገባች። ስንዱ ታንኳውን ከዳር ገፋችላቸው።

ስለ ፈተናው የምጽፈው አልጣሽ እንደነገረችን ነው። ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። የመጨረሻው ጥያቄ «ከወንዝ ማዶ ያለን ነገር ሳይሻገሩ እንዴት ይለኩታል?» የሚል ነበር። አልጣሽ ሁለት ችካል ተክሎ፣ መካከላቸውን ለክቶ፣ ከሁለቱም ወዲያ ማዶ እያነጣጠሩ የሚሠራውን ስሌት አስረዳች። ፈታኞቹ ተደሰቱ። «የምትጨምረው አለህ?» አሏት።

«ቢሻገሩ ግን ይሻላል» አለች።

ይህንን እንደ ትሕትና ቆጥረው ሙሉ ነጥብ ሰጧት። ዲፕሎማው ላይ የወንበር አዛዡ በሚያምር እጁ «ማዶ» ብሎ ጻፈ። ሲያስረክባትም ደስ ብሎት ትከሻዋን ነካ አድርጎ፣ «ማዶ፣ በአራት ዓመት ውስጥ በጣም ተለውጠሃል» አላት።

«ትምህርት ነው፣ ጌታዬ» አለችው።

በምረቃው ቀን የማኅበሩ ሰብሳቢ እመቤት ጓንታቸውን አውልቀው የወንበሩን መደገፊያ ዳሰሱት። «ዛሬ ማዶ ተማረ!» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ እንተኛለን።» ጭብጨባው ረጅም ነበር። እኔም አጨበጨብኩ፤ እንቅልፍ ማጣት ከባድ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ ወንበሩን ተሸክመን ወደ ወንዙ ወረድን። ታንኳው ላይ ስንጭነው ገበየሁ «ሁለት ሆናችሁ እንዳትቀመጡበት» አለ፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። ደጀኔም ሳቀ፣ ግን ቶሎ አቆመ።

የቅየሳ ሹሙ የመጣው ክረምቱ እንደወጣ ነው። ወንበሩን ከምንጩ አጠገብ፣ ከድንጋዩ ወዲህ አስቀምጠነው ጠበቅነው። ሹሙ ሲያየው ቆመ፤ ዲፕሎማውን ጠይቆ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ መደገፊያውንም ዞሮ አየ። ሕግ የሚወድ ሰው ነው፤ ይህን ስለ እሱ መመስከር አለብኝ።

«ወንበሩ የማዶ ነው» አለ ለጸሐፊው። «ብዕርህን ክፈት።»

ብዕሩ ሲከፈት የሰማነው ድምፅ ትንሽ ነበር። አልጣሽ ተቀምጣ ተናገረች። ድንጋዩ መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ፣ በየዓመቱ የሄደውን መንገድ፣ የሹሙ ሜትር የት ላይ እንደሚታጠፍ በገመዷ አሳየች። ጸሐፊው ጻፈ። ሹሙ አንገቱን ነቀነቀ።

«በሚገባ ተናግረሃል» አላት። «ተጽፏል። ቅሬታው በሚቀጥለው ዓመት ይታያል። ለጊዜው ግን ልኬቱን እንፈጽም።»

«ለጊዜው» ሲል ሁላችንም ወደ ምንጩ አየን። ሠራተኞቹ መዶሻና ዲጂኖ ይዘው ተነሱ። ያን ጊዜ አያ ሽበሺ ከሰዉ መካከል ወጡ።

«ጌታው፣ ድንጋዩ ከመነሳቱ በፊት መንደርተኛው ይናገራል። ደንቡ እንዲያ ነው አይደል?»

«ማዶ ተናገረ እኮ፣ አባቴ።»

«እሷ ተናገረች። እኔ አልተናገርኩም። ማዶ ነኝ።»

ሹሙ አልጣሽን አየ፣ ዲፕሎማውን አየ፣ አያ ሽበሺን አየ። ምናልባት የማዶን ሰው ፊት ለይቶ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ዲፕሎማው «ማዶ» ይላል። ወንበሩ «ለማዶ ሰዎች» ይላል። የጻፈው ኮሌጁ ነው፤ የኮሌጅን ጽሑፍ ሐሰት ማለት ደግሞ እሱ ራሱ የተማረበትን ወንበር መነቅነቅ ነው።

«ይቀመጡ» አለ።

አልጣሽ ተነሳች። አያ ሽበሺ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወንበሩ ዘንበል አለ፤ ጠጠሩ ከሥሩ አልነበረም። ደጀኔ ተንበርክኮ አጭሩን እግር በእጁ ያዘላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆመው ያለችግር የሚናገሩት ሰው ሲቀመጡ ቃል ጠፋቸው። ጸሐፊው ብዕሩን እንደያዘ ይጠብቃቸዋል። ውሃው ሲፈስ ይሰማል።

«ውሃው ቀዝቃዛ ነው» አሉ። «ጻፈው።»

ጸሐፊው ጻፈው። የጻፈውን ካሳያቸው በኋላ ቀጠሉ። የተናገሩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፤ ተጽፎ ይገኛል። እሳቸው ሲጨርሱ እትዬ ብርቄ ተቀመጠች፣ ከእሷ በኋላ ልጆቿ አንድ በአንድ፣ ከዚያ ገበየሁ። ገበየሁ ተቀምጦ ሲናገር እንዴት እንደሚሆን ለሚያውቁት ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጸሐፊው ሁለት ጊዜ እጁን አፍታታ። ከዚያ የቀረው መንደር ተራ ገባ። ተራ መግባት እናውቃለን። ደጀኔ ለሁሉም የወንበሩን እግር ያዘ። በመጨረሻ ራሱ ሲቀመጥ የወንበሩን እግር የያዘለት ሹሙ ነው፤ ሌላ ቅርብ ሰው ስላልነበረ ይሆናል።

ስንጨርስ ፀሐይ ጠለቀች። ድንጋይ በጨለማ አይነሳም፤ የልኬቱም ቀን በዓመት አንድ ብቻ ነው፤ ያም ሕግ ነው። ሹሙ አልተቆጣም። የራሱን ወንበር አሸክሞ ሲሄድ «በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ጸሐፊ ይዤ እመጣለሁ» አለን። ድንጋዩ ከነበረበት ቆየ። ምንጩም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ኮሌጁ ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ገበየሁ ሳያስበው ተነስቶ መሻገሪያው ድረስ ወርዶ ተመለሰ። እኔም ረቡዕ ወረድኩ። ደጀኔ ግን ዓርብ ዓርብ ስንዱ ጸጉሯን ሠርታ ስትወጣ ፊቷን ላለማየት ከቤት ቀድሞ ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን የነጋዴው ልጅ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ወሬ ይዞ ነበር።

«አዛዡ እኮ አሁንም ይጠራችኋል» አለ። «ጠዋት ጠዋት 'ማዶ!' ይላል። ለምዶበት ነው መሰለኝ። መልስ ሲያጣ 'ቀርቷል' ብሎ ያልፋል።»

«ቦታችን ተዘግቷል እኮ» አልኩት።

«ወንበሩማ የለም። ማዶ ግን የቀረ ነው እንጂ የተባረረ አይደለም።»

ስንዱ ይህን ስትሰማ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። ማግስቱ ዓርብ ነበር። ጠዋት ደጀኔ ታንኳው ጋ ሲደርስ ቀድማው ገብታ አገኛት። የት እንደምትሄድ አልጠየቃትም፤ ቀዘፈ።

ወደ ክፍሉ ስትገባ በተማሪዎቹ ወንበሮች መካከል ባዶ ቦታ አየች። የእኛ መሆኑን ያወቀችው በጠጠሩ ነው፤ ጠፍጣፋው የምንጭ ጠጠር እዚያው ወለሉ ላይ ነበር። አጠገቡ ቆመች። አዛዡ ስም እየጠራ መጣ።

«ማዶ!»

«አቤት!»

ምልክት ሊያደርግ ሲል እጁ ቀረ። ወንበር የለም፤ የቆመ ሰው ቃል ደግሞ አይጻፍም። «አቤት» ማለቷን መጻፍ አልቻለም። ግን ቆሞ መናገርን እንጂ ቆሞ መስማትን የሚመለከት ሕግ እንደሌለ፣ እሱም እንደ እኔ፣ ያኔ ሳይገባው አልቀረም። መነጽሩን አወለቀ። አያት። ስሟንም ጠየቃት ይባላል።

ከዚያ ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈ። ስንዱ እስከ ማታ ቆማ ሰማች። ቅዳሜ በታንኳው መጠለያ ተሰብስበን የሰማችውን ስትነግረን፣ እሷ ሳትቀመጥ እኛም አልተቀመጥንም።